የምትለቅ ወረንጦ

ከሚሲሲፒ ዳር፣ ከጎማ ቤት ጀርባ፣
የሜምፊስ ነሐሴ ግድግዳ ሲያስነባ፣
እንጀራዬ ይህ ነው፤ አትሳቁ እባካችሁ፦
ለአንዲት ትንሽ እርካብ መያዣ እሠራለሁ።

ፈረስ አታውቅም፤ እግር አልረገጣት፤
አራት ሚሊሜትር ናት፣ ከጫፍ ጫፍ ብለካት።
ካስነጠስኩ ጠፋች። አንዴም ጠፍታብን
ሦስት ሰዓት ሙሉ ወለል ላይ ተንበርክከን
በማግኔት ፈለግናት።
(ቲታኒየም ለማግኔት ደንታ እንደሌላት
የተማርኩት እኔ፣ እኔው ነኝ የረሳሁት።)
ከኦዴል ጫማ ሶል ተሰክታ አገኘናት።

ጆሮ፣ ሐኪም ሲያየው፣ የቀጥቃጭ ቤት ነው፤
መዶሻም፣ መስፍም፣ እርካብም ያለው።
መዶሻው ቢመታ፣ መስፉ ቢቀበል፣
እርካብ ከደረቀች ድምፅ ደጅ ይውላል።
ሥራው ያቺን አንሥቶ ይህችን ማኖር፣
ጉንዳን ጎንበስ ብሎ በሚያልፍበት በር።

አንደኛዋ ወረንጦ ወፍራም ነበረች፤ ጋረደች።
ሰባተኛዋ ስትይዝ ጭራዋን አጣመመች።
አሥራ አንደኛዋ ግን፣ እሷስ ያዘች፣ ያዘች!
ጠረጴዛ ደበደብን፤ ገለበጥን፤ ነቀነቅን፤
እርካቧ ወይ ፍንክች።
የጎድን ጥብስ ጋበዝኩ የዚያን ቀን ምሳ፤
ኦዴልም ጣቱን እየላሰ ሌላ ሳህን አነሣ።

ቅዳሜ ማለዳ ዶክተር ትራን መጣች።
የጓንቷን ቁጥር ሳይ አፈርኩ፤ አምስት ተኩል ናት፤
እኔ እጀታውን ለስምንት ቁጥር መዳፍ ነበር የለካሁት።
ገላውን ለትምህርት ተናዞ በሰጠ፣
ስሙን በማናውቀው ሰው ጆሮ ውስጥ ገብታ
አስቀመጠች። በቀስታ ጣቷን ከፈተች። ሳበች።
እርካቧም አብራ ወጣች።
ደገመች።
አብራ ወጣች።
በሦስተኛው ማጉያውን ገፋ አድርጋ ቀና አለች፤
«መያዙን ታውቅበታለች፤
መልቀቅ ማንም አላስተማራት» አለች።

ጥፋቱ የእርጥበት ነው። ከሰው ገላ ውስጥ
በሁለት ብረት መሃል አንዲት የውሃ ጠብታ
ሙጫ ሆና ታድራለች፣ የያዘችውን ሳትፈታ።
ይህን አውቅ ነበር። በወረቀት።

ኦዴል አርባ ዓመት ከቶርኖ ጎን ቆሞ
ጆሮውን ለብረት ጩኸት የገበረ ነው፤
ማሽኑ ሲታመም መዳፉን አሳርፎ በእጁ ነው የሚሰማው።
ከንፈሬን እያየ «ምን አለች?» አለኝ።
ጻፍኩለት፦ አትለቅም።
ትከሻውን ሰበቀ። የጆሮውን መስሚያ አወለቀ፣
ባትሪ ሊቀይርለት። የምስር ክክ የምታህል ባትሪ
በላብ ከሌባ ጣቱ ተጣብቃ እምቢ አለች፤
አራገፋት፤ እምቢ፤
በአውራ ጣቱ ጥፍር ከኋላ ገፋት፤
ገባች።

ምንም አላለም። ወደ ሥራው ዞረ።
እኔ ግን እርሳስ ፍለጋ ኪሴን እዳብስ ነበር።

አሥራ ዘጠነኛዋ ጥፍር አላት፦
መንጋጋዋ ሲከፈት
ከመሃል እንደ ፀጉር የቀጠነች ሽቦ
እርካቧን ወደፊት ትገፋለች፤ «ሂጂ» ትላለች።

ጥር ላይ ዶክተር ትራን ደወለች። ታካሚዋ
የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ፣ ከወንዙ ማዶ ናት፤
ጆሮዋ ብቻ ደንዝዞ፣ ነቅታ ነበር የተኛችው፤
እርካቧ ቦታዋን እንደያዘች
«ወረቀት የሚቀደው ማነው?» ብላ ጠየቀች።

ለኦዴል ጽፌ አሳየሁት። ሁለቴ አነበበው።
«ያንተስ ጆሮ?» አልኩት፣ ቃሉን በከንፈሬ ስዬ።
«የኔ ነርቭ ነው» አለ፤ «እርካቤማ ደህና ናት።»
ሃያኛዋን ሞርዶ፣ ጫፏን በጥፍሩ ዳስሶ
ዘረጋልኝ።
ጣቱን ከፈተ።
ለቀቃት።